አባቴና ድምፅ የሌላቸው የውድድር መኪኖች

ሰሞኑን አዳማ ውስጥ መንገድ ስሻገር ከኋላዬ አንድ ቀጭን ፉጨት ይመጣል፤ ትንኝ ጆሮ ሥር ስትዞር የምታሰማው ዓይነት፣ ሲቀርብ የሚሰላ፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ እየቀጠነ የሚጠፋ ድምፅ ነው። ዞር ስል የኤሌክትሪክ መኪና ሆኖ አገኘዋለሁ። ሰው ሁሉ «ሳይሰማ መጥቶ ሊበላኝ ነበር!» እያለ ሲራገም እኔ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፣ ምክንያቱም ያንን ፉጨት መጀመሪያ የሰማሁት አስፋልት ላይ ሳይሆን እኛ ሳሎን ውስጥ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ በነበረበት ዘመን ነው።

አባቴ ታምሩ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ መናኸሪያ አካባቢ ግን «ታምሩ ሽንኩርት» ካልተባለ የሚያውቀው አልነበረም። ከዓለም ጤና ሽንኩርት ጭኖ ወደ አሰላ ይወጣል፣ ከአርሲ ደግሞ ድንች ጭኖ ይወርዳል፤ ጃኬቱ ናፍጣና ሽንኩርት አንድ ላይ ስለሚሸት እናቴ በረንዳ ላይ ሳታስወልቀው ወደ ቤት አታስገባውም ነበር። እናቴ ጫልቱ በአሰላ መንገድ ላይ ያለችው የደራ ልጅ ናት፣ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቦቿን ለመጠየቅ እኔ ጋቢና ውስጥ መሃል ተቀምጬ በአባቴ መኪና አሰላ ድረስ አብረነው እንወጣና፣ ስንመለስ ደራ ላይ ያወርደን ነበር። ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ከኢተያ በታች ያለውን ቁልቁለት ነበር። ሽቅብ ስንወጣ ሲያጓራ የዋለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ድንገት ዝም ይልና፣ የሚሰማው በመስኮት የሚገባው ነፋስ ብቻ ይሆናል፣ እኔም በዚያ ጸጥታ እናቴ ትከሻ ላይ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ድንች የጫነው የአባቴ መኪና እዚያው ቁልቁለት ላይ ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ደግነቱ ብቻውን ነበር፣ እሱም በግራ እግሩ ስብራት ተረፈ። የአካባቢው ገበሬዎች ከጋቢናው አውጥተው ጥላ ሥር ካስተኙት በኋላ፣ በየማሳው የተበተነውን ድንች ለቅመው፣ መልሰው በማዳበሪያ ሞልተው፣ የድንቹ ባለቤት እስኪመጣ ቁጭ ብለው ጠበቁለት፤ አባቴ ይህን ለጠያቂ ሁሉ ሳያወራ አያልፍም ነበር። ስለ አደጋው ሲጠየቅ ግን መልሱ አጭር ነበረች፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ ወሬ ይቀይራል።

በጋው ገባ፣ የአዳማ ነፋስም አቧራውን እያነሳ በየቤቱ ይበትነው ጀመር። የአባቴ እግር ዳነ፣ ሹፌሩ ግን አልዳነም። የመኪናው ባለቤት አሠርቶ ጨርሶ «ና፣ ንዳ» ብሎ ሰው ሲልክበት «እግሬ ገና ነው» ይላል፣ በዚያው እግሩ ግን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመለሳል። ባጃጅ ላይ እንኳ ካልተገደደ አይወጣም፣ ከወጣም ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ቤቱን የያዘችው ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው እናቴ ነበረች፣ አንድም ቀን ስታጉረመርም አልሰማኋትም። እኔን ግን ጭንቀት ገባኝ። ይህ መናኸሪያውን በቀልዱ የሚያናውጥ ሰው ከእንግዲህ መሪ ላይጨብጥ ነው? እንዲህ ግድግዳ እያየ ሊያረጅ ነው? መልሱን ስለፈራሁ ማንንም አልጠየቅሁም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ቶሎሳ፣ እኔ በኦሮምኛ «ኤሱማ» እያልኩ የምጠራው አጎቴ፣ ዲሽ ተካይ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ከግድግዳ ጋር ከሚጫወቱ ከዓለም ጋር ይጫወቱ» ብሎ ያገለገለ ዲሽ ጣራችን ላይ ተክሎልን ሄደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ስቀያይር ታዲያ አንድ ያላየሁት ነገር መጣ። አፍንጫቸው የሾለ፣ ጎማቸው ከአካላቸው ውጭ የቀረ፣ ጣራ የሌላቸው፣ ከሹፌሩ ሌላ ድመት እንኳ የማያስቀምጡ መኪኖች በአንድ ትልቅ ከተማ መንገድ ላይ፣ ግራና ቀኝ ግንብ በታጠረበት፣ እየተጋፉ ይበርራሉ። አባቴ ከግድግዳው ዞሮ አየና «ድምፁን ጨምሪው» አለኝ። ጨመርኩት፣ ግን የሚሰማው የዘጋቢው ጩኸትና ያ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነበር። «ይኼ ዲሽ ዞሯል፣ የሞተሩን ድምፅ አላመጣም» አለ። ነፋሱ ዲሽ ማዞሩ በሰፈራችን ብርቅ ስላልነበረ እኔም እናቴም አመንነው፤ ሰውየው ሲጮኽ እየተሰማ ሞተሩ ብቻ እንዴት ሊቀር ይችላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ደጅ ለመውጣት የሚለመነው አባቴ መሰላል አስደግፎ ጣራ ላይ ወጣ።

«አሁንስ?» ይላል ከላይ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ከእኔ ተቀብላ ታቀብለዋለች።

«ምስሉ አለ፣ ሞተሩ የለም!»

«አሁንስ?»

«ኧረ ምስሉም ሄደ!»

ጎረቤቱ ምን ተፈጠረ ብሎ ወጥቶ፣ ገሚሱ «ወደ ቀኝ!»፣ ገሚሱ «ኧረ ወደ ግራ!» እያለ ሁሉም ዲሽ ተካይ ሆነ፣ በመጨረሻም ያለችን አንዲት የዜና ጣቢያ እንኳ ጠፍታ አረፈች። ቶሎሳ ተጠርቶ መጥቶ፣ ዲሹን ወደ ቦታው መልሶ፣ ነገሩን ሲያስረዳን ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። «ጋሼ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ነው እኮ! ናፍጣ የለው፣ ቤንዚን የለው፣ ምኑ ይጩኽ?» አባቴ ግን አልሳቀም፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋና «ሹፌር መኪናውን የሚያውቀው በጆሮው ነው፣ እነዚህ በምን ያውቁታል?» ብሎ ጠየቀ። ከአደጋው ወዲህ ስለ መንዳት ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነበር፣ እኔም ደስታዬ እንዳይታይብኝ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ በጋውን ጨርሰን የበልጉ ካፊያ እስኪመጣ ድረስ ውድድር ባለበት ቅዳሜ ሁሉ ቤታችን ትምህርት ቤት ሆነ። ዘጋቢው በእንግሊዝኛ የሚለውን የምተረጉመው እኔ ነበርኩ፣ ያልገባኝን ከራሴ እየጨመርኩ። ያን ጊዜ አንድ ባትሪ ውድድሩን ስለማይጨርስ ሹፌሩ መሃል ላይ ወደ ጋራዥ ገብቶ፣ ከደከመው መኪና ዘሎ ወርዶ፣ የተሞላ ሌላ መኪና ውስጥ ዘሎ ይገባ ነበር። አባቴ ይህን ሲያይ «እኛ ጋ ሹፌሩ ሲደክመው ሹፌር ይቀየራል፣ እነሱ ጋ ደግሞ መኪናው ሲደክመው መኪና ይቀየራል!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ፣ እናቴም ሳቁን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ መጣች። እሷ የምትደግፈው ሁልጊዜ መጨረሻ የወጣውን ነበር፣ «ምስኪን፣ እናቱ እያየችው ይሆናል» እያለች።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባን። እዚህ ውድድር ላይ ዝም ብሎ የከነፈ አያሸንፍም፤ ባትሪው ከማለቁ በፊት መድረስ አለበት። ስለዚህ ሹፌሩ መታጠፊያው ጋ ከመድረሱ ቀድሞ እግሩን ከፍጥነት መስጫው ያነሳል፣ መኪናውን ያንሸራትተዋል፣ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ያ ፍሬን ራሱ ለባትሪው ኃይል ይመልስለታል። ቶሎሳ ይህን ሲነግረን አባቴ ወደ እሱ ዞረ። «ፍሬን መያዝ ያተርፋል ነው የምትለኝ?» አለ። «አዎ፣ ጋሼ፣ ያልያዘ ነው የሚከስረው።» አባቴ ያን ዕለት ውድድሩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ፣ ጓሮ ሄዶ ብቻውን ቆመ፣ እኔም ምን እንደነካው አላወቅሁም።

ክረምት ሆነ። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የነበረ ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ቶሎሳም መጥቶ፣ ሁላችንም በአንድ ብርድ ልብስ ተሸፍነን ተቀምጠናል። አባቴ የሚደግፈው ሹፌር ከፊት ነበር፣ ባትሪው ግን ከተከታዩ ያነሰ ነበር የቀረው። እሱም ያችን ያለችውን ለማትረፍ እግሩን አንሥቶ መኪናውን እንዲሁ ለቀቀው፣ መታጠፊያው ደረሰ፣ ፍሬኑን የያዘው ዘግይቶ ነበር፣ ሄዶ ከግንቡ ጋር ተላተመ። ሹፌሩ ደህና ነበር፣ እየተንገዳገደ ወረደ። «ስስት» አለ አባቴ ለራሱ የሚናገር በሚመስል ድምፅ። ወዲያው መብራት ጠፋ። «ይኸው፣ ኤሌክትሪኩን እነሱ ጨርሰውት ለእኛ አልተረፈም» ብላ እናቴ ቀለደች፣ ቶሎሳም ሳቀ፣ አባቴ ግን አልሳቀም።

«ጫልቱ፣ ፍሬኑ እምቢ ያለኝ እንዲሁ አይደለም» አለ። «ፎሌ ላይ ነበርኩ።»

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ ማድረግ፣ ማለትም ከሞተሩ አላቅቆ መኪናውን በክብደቱ ብቻ ማንደርደር፣ ናፍጣ ለመቆጠብ ብዙ ሹፌር የሚያደርገው፣ አደረግሁ የሚል ግን የማይገኝበት ነገር ነው። ሞተሩ ስለማይዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬኑም ሲግል ይከዳል። ያ እኔ የምወደው ጸጥታ ይህ ነበር ለካ! ቶሎሳ አንገቱን ደፋ። እናቴ ምን ትል ይሆን ብዬ ጠበቅሁ።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «ስንት ጊዜ አጠገብህ ተቀምጬ ወርጃለሁ፣ ሞተሩ ዝም ሲል የማልሰማ መሰለህ?»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገርሽም?»

«እኔ ብናገረው ወቀሳ ይሆናል። አንተ ከተናገርከው ግን አለቀ።»

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እናቴም ብርድ ልብሱን ወደ እሱ ሳብ አድርጋ አለበሰችው። ማን እንዳሸነፈ የዚያን ዕለት አላወቅንም፣ በማግስቱም መብራቱ ሲመጣ የጠየቀ አልነበረም።

ከመስቀል በኋላ አባቴ ራሱ ሄዶ የመኪናውን ባለቤት አነጋገረ፣ የሆነውንም ሳይደብቅ ነገረው። ሰውየው ቁልፉን ሰጠው። የመጀመሪያውን ጉዞ እናቴ «ብቻህን አትሄድም» ብላ የገበያ ሥራዋን ለዚያ ቀን ትታ ገባች፣ እኔም እንደ ልማዴ መሃል ገባሁ። አሰላ ደርሰን፣ ድንች ጭነን፣ ከኢተያ በታች ያ ቁልቁለት ሲመጣ አባቴ ላቡ በአንገቱ ይወርድ ነበር፤ ማርሹን ሁለት ላይ አስገባና ያዘው። ሞተሩ ወደ ታች እያጓራ፣ ጋቢናው እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ኤሊ ወረድን። ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ጡሩንባውን ያቀልጠዋል። «ሱታ፣ ሱታ» ትላለች እናቴ፣ ቀስ በል ማለቷ ነው፣ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ፤ «ይጩኹ፣ ሲደክማቸው ይተዋሉ።» በጩኸቱ ምክንያት ለአንድ አፍታ እንኳ አላንቀላፋሁም፣ እንደዚያ ቀን ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዛሬ አባቴ ከአዳማ ሞጆ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ይነዳል። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ቀልዱ ተመልሷል፣ ውድድሩንም እስካሁን አብረን እናያለን፤ የውድድር መኪኖቹ አሁን በአንድ ባትሪ እስከ መጨረሻው ስለሚሄዱ ከመኪና ወደ መኪና መዝለል ቀርቷል፣ እኛንም ያ ዝላይ ሳይናፍቀን አልቀረም። ለበዓል ዘመድ ጥየቃ በሚኒባሱ አሰላ ድረስ ደርሰን ስንመለስ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ እናቴ ጆሮዋን ብታቆም የምትሰማው ነገር የለም፤ ይህ መኪና ሽቅብም ቁልቁልም ዝም ነው። ቢይዘው ዝም፣ ቢለቀው ዝም። ታዲያ ከኢተያ እንደወጣን አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ ሳትጠይቀው፣ «ጫልቱ፣ ይዤዋለሁ» ይላታል። ያኔ እውነቱን የምትሰማው ከሞተሩ ነበር፣ አሁን ከአባቴ ትሰማዋለች።