የጋሽ ፈድሉ ቀኝ እግር

ዲላ ውስጥ ጋሽ ፈድሉን የማያውቅ ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ሲራመድ መሬቱን ጠረግ ያደርገዋል። ብስክሌትና ሞተር በመጠገን ስንት ዓመት ኖረ! በጠገነው ሞተር ላይ ተቀምጦ ያየው ሰው ግን የለም። ሥራውን ሲጨርስ መሪውን ይዞ እየገፋ ለባለቤቱ ያስረክባል። «ሞክረው» ይላል እንጂ «ልሞክረው» አይልም።

ያ እግር የተሰበረው እኔ በተወለድሁበት ቀን ነው። ታሪኩን ከእናቴም ከእሱም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ የእናቴን ይዣለሁ፤ እሱ በራሱ ላይ ይጨክናል።

ጣሊያን ዲላ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ፈድሉ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ልጁ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆንለት ብሎ በጣሊያኖቹ ካምፕ ሞተር አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ። ከማጠብ ወደ መፍታት፣ ከመፍታት ወደ መንዳት አለፈ። መንዳት የተፈቀደለት ግቢው ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከበሩ እስከ በርሜሎቹ፣ ከበርሜሎቹ እስከ በሩ። ከካምፕ ውጭ ሞተር ላይ የተገኘ የአገር ሰው የአርበኛ መልእክተኛ ተብሎ እንደሚያዝ፣ ተይዞም እንደማይመለስ ነግረውታል።

«ከበሩ እስከ በርሜሎቹ ሦስተኛ ማርሽ አይገባም» ይላል ጋሽ ፈድሉ። «ሦስተኛ ማርሽ ያልገባ ሞተር ደግሞ ያው በቅሎ ነው።»

አንድ የገበያ ቀን፣ ጣሊያኖቹ ምሳ በልተው ጋደም ሲሉ፣ ፊቱን በሻሽ ጠምጥሞ ሞተሩን በጓሮ በር አወጣና ወደ ጪጩ ለቀቀው። ጪጩ ገበያ መሐል ሲደርስ አላበረደም። ዶሮ ተበተነ፣ ሸክላ ተሰበረ፣ ሴት ሁሉ ልጇን እያነሣች ሮጠች።

«ገለል በሉ! ፍሬን የለውም!» እያለ ይስቃል። ፍሬኑ ግን ደህና ነበር።

እናቴ የሺሃረግ በዚያ ገበያ ቅቤ ትሸጥ ነበር፤ እኔን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ከሞተሩ ስትሸሽ የቅቤ ቅሏ ተገልብጦ አፈር ላይ ፈሰሰ።

«አንተ የጣሊያን ሎሌ!» ብላ ጮኸችበት። «መንገዱን አባትህ ነው የጠረገው?»

አንድ ካራቢኔሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ ፊሽካ ነፋበት። እሱ አቧራውን አልብሶት ሄደ፤ በሌላ መንገድ ዞሮ ካምፕ ገባና ሞተሩን አጥቦ አቆመው። ማታ እኅቱ ሀዲጃ ራት ስታቀርብለት እንዲህ አለችው፦

«ገበያው የሚያወራው ስለ አንድ እብድ ነው። እብዱ የእናቴ ልጅ ይሆን?»

«ማን አየኝ? ፊቴን ሸፍኜ ነበር።»

«ጫማህንስ ማን ሸፈነልህ? በዚህ አገር እንዲህ ያለ የወታደር ጫማ ተጫምቶ የሚሄድ ስንት አበሻ አለ?»

ሳቀባት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወጣ፤ ደግሞም አመለጠ።

ሦስተኛው ጥቅምት 27 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ የመድኃኔዓለም ዕለት ነበር። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ቀዩን መንገድ እንደ ሳሙና አድርጎታል። በዚህ ጊዜ ግን ጠብቀውት ነበር። ከከተማው መውጫ ላይ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር፣ ጎኑ ላይ መቀመጫ የተገጠመለት ሞተር ቆሟል። መሪውን የያዘው ካራቢኔሪ ነው፤ ጎኑ የተቀመጠው ደመላሽ የሚባል አስተርጓሚያቸው ነው። ደመላሽ የእኛው ሰው ሆኖ ለእነሱ በማደሩ ሰው ስሙን ሲጠራ ምራቁን ይተፋ ነበር።

ካራቢኔሪው እጁን ዘርግቶ «አልት!» አለ።

«ያኔ ብቆም ምናልባት ግርፋትና እስር ነበር» ይላል ጋሽ ፈድሉ። «ስሸሽ ነገሩ ወደ ጥይት ዞረ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስላመለጥሁ ሦስተኛውም የሚገባኝ መስሎኝ ነበር።»

ጉልበቱን አጥብቆ ነዳጁን ሰጠው። ከኋላው ሞተሩ ሲነሣ ሰማ፤ ቀጥሎ ተኩስ። ጥይቱ ከራሱ በላይ ቅጠል በጥሶ አለፈ። ጭቃው ወደ ግራ ሲጎትተው ወደ ቀኝ እየመለሰ፣ ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን ወረደ፣ ድልድዩን ተሻገረ። የመንገዱን ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና ሞልቶታል፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው አይታይም። እዚያ ላይ ምን ያህል እንደራቃቸው ለማየት ዞር አለ።

ፊቱን ሲመልስ ቃሬዛ ነበር።

ቃሬዛው ላይ እናቴ ነበረች። ሁለት ቀን ምጥ ይዟት አልፈታ ስላለ ዲላ ወደሚኖሩት አዋላጅ ወደ እማሆይ ጽጌማርያም እየወሰዷት ነው። የቡና ለቀማ ስለነበር ሰው ጠፍቶ የተሸከሟት አራት ብቻ ናቸው። ከፊት አባቴ በዛብህና አጎቱ አቶ ገሪማ፣ ከኋላ የጌዴኦ ጎረቤታችን ጅግሶና ወንድሙ።

ፈድሉ ፍሬኑን ረገጠ። ጎማው አልያዘም። ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ እየተንሸራተተ መጣ። ጅግሶ ወደ ቦዩ ዘለለና ክንዱ ላይ ወደቀ፤ እሱ የያዘው ጫፍ ተለቀቀ፣ ቃሬዛው በአንድ ወገን መሬት መታ። ሞተሩ ከእናቴ ራስ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፎ ቦይ ውስጥ ገባ።

«እሷን ለማዳን ብዬ ራሴን ጣልሁ የሚል ነገር እንዳትጽፍ» ብሎኛል ጋሽ ፈድሉ። «ሞተሩ ነው የጣለኝ። ያዳናት እግዜር ነው።»

ሊነሣ ሲል ቀኝ እግሩ ከዳው። ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ። የአሳዳጆቹ ሞተር ድልድዩ ጋ ደርሷል። እንሰቱ ከእሱ አሥር እርምጃ ያህል ነው። በደረቱ መሳብ ጀመረ።

ከኋላው አቶ ገሪማ «አንተ መንገደኛ!» ብለው ተጣሩ። «ቃሬዛ መሬት ላይ ነው!»

በእኛ አገር ቃሬዛ ያገኘ መንገደኛ፣ በቅሎ ላይ ያለ ወርዶ፣ ሸክም የያዘ አውርዶ ትከሻውን ይሰጣል። ሃይማኖት አይጠየቅበትም፣ ዘር አይቆጠርበትም። ቢያንስ እስከሚቀጥለው ትልቅ ዛፍ ድረስ ተሸክሞ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ወይም «ይማርህ» ብሎ ይሄዳል። ሳይሸከም ያለፈ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ተሸካሚ ያጣል ይባላል።

«ለምን እንደተመለስሁ አላውቅም» ይላል። «አባቴ ቃሬዛ ሲያዩ ከበቅሎ የሚወርዱት አስበውበት አልነበረም።»

ተመልሶ የተለቀቀውን ጫፍ ያዘ። እናቴ ቀና ብላ የፊቱን ሻሽና ጫማውን አየች።

«ይሄ ያ ቅቤዬን የደፋው አይደል?»

«ነኝ፣ እቴቴ።»

«አሁን ደግሞ እኔን ልትደፋ መጣህ?»

አቶ ገሪማ ግን እግሩን ነው ያዩት። «ጫማህን አውልቅ! እኛ ሁላችን ባዶ እግራችንን ነን።»

ግራው ወለቀ። ቀኙ አብጦ አልወጣ አለ። አባቴ ሻሹን ከፊቱ ፈትቶ፣ ዘይት የጠጣ ልብሱን እንዲሸፍንለት ጋቢውን አለበሰው፤ ፈድሉ የጋቢውን ጫፍ ነከሰ፤ አቶ ገሪማ ጫማውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡ። እናቴ ስለዚያ ድምፅ ስታወራ እስከ ዛሬ ጆሮዋን ትይዛለች።

«ወደዚህ አምጡት» አለች። ጫማዎቹንና ሻሹን ከብርድ ልብሱ ሥር ከእግሯ መካከል አስገቡ። «በስመ አብ» ብለው አነሡ። ፈድሉ በጅግሶ ቦታ ሆነ። ከዚያ ትከሻውን ብቻ ሳይሆን አካሉን ሁሉ ዘንጉ ላይ ጣለው፤ ቆሞ የሄደው ተሸክሞ ስለነበር ነው።

ሞተሩ መታጠፊያውን ዞሮ ቆመ። ካራቢኔሪው ሽጉጡን መዞ ቦዩ ውስጥ ያለውን አየ።

ደመላሽ ጮኸ፦ «የዚህ ሞተር ሰው የታለ?»

ጅግሶ ክንዱን ታቅፎ ከቦዩ ወጣ። «መታችኝ! ሞተሯ መታችኝ! ሰውዬው ያውና፣ ወደ እንሰት ገባች!» እውነተኛ ደም ከክርኑ ይንጠባጠብ ነበር።

ካራቢኔሪው ወደ እንሰቱ አልሄደም። ቃሬዛውን አስቁሞ ዙሪያውን ዞረ። እግሮቹን አንድ በአንድ አየ፤ ስምንት ባዶ እግር፣ እስከ ቅልጥሙ ቀይ ጭቃ የለበሰ። ከዚያ ወደ ብርድ ልብሱ እጁን ዘረጋ።

እናቴ ጮኸች። እንሰቱ ውስጥ ያሉ ወፎች በረሩ። ሰውየው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ግማሹ እውነተኛ ምጥ ነበር» ትላለች። «ግማሹን አምላክ ይቅር ይበለኝ።»

እንሂድ ብለው ሲነሡ ደመላሽ ከመቀመጫው ወረደ። የነጭ ጌታ ቢኖረውም ያደገበት ወግ አለቀቀውም። ወደ ፈድሉ መጥቶ «ማርያም በሽልም ታውጣት። ወንድም፣ ተራ ስጠኝ» አለ።

ተራ ቢሰጠው ፈድሉ ያለ ዘንግ መቆም ነበረበት፤ ያለ ዘንግ ከቆመ ደግሞ ይወድቃል። ከወደቀ እሱ ብቻ አይደለም የሚሞተው፤ አባቴም አጎቱም ጅግሶም አሉ፤ እናቴም መንገድ ላይ ትቀራለች።

«ትንሽ ልግፋ፣ ወንድሜ» አለ ፈድሉ።

ደመላሽ ቀረብ አለ። ጋቢው የቤንዚን ሽታ መደበቅ አልቻለም። ዘንጉን የጨበጡትን እጆች አየ፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ያለውን ጥቁር ዘይት አየ። ካራቢኔሪው ከኋላ ሽጉጡን እንደያዘ ቆሟል። ደመላሽ ከፈድሉ አጠገብ ትከሻውን ከዘንጉ ሥር አግብቶ ሸክሙን ተካፈለው። በአንድ ጫፍ ሁለት ሰው ሆነው መራመድ ጀመሩ።

ጥቂት እንደሄዱ አፉን ሳይከፍት በሚመስል ድምፅ እንዲህ አለው፦

«ቀኝ እግርህን አትጎትት። ጣሊያኑ እያየህ ነው።»

ፈድሉ ቀኝ እግሩን አነሣ። አሳረፈው። ደግሞ አነሣው። «ያን ጊዜ» ይለኛል፣ «አላህን የጠየቅሁት እንዲያድነኝ አልነበረም። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የጠየቅሁት። እሱን ሲሰጠኝ ሌላ እጠይቃለሁ።» ደመላሽ ትልቁ ብርብራ ዛፍ እስኪደርሱ አልተለየውም። ከዚያ ዞሮ በጣሊያንኛ ጮኸ፤ በእጁ እንሰቱን አመለከተ። ካራቢኔሪው ሮጦ ገባ። ተኩሱ እየራቀ ሲሄድ ይሰማ ነበር።

ደመላሽ ያን ያደረገው ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። ጣሊያን ሲወጣ እሱም ከአገሩ ጠፋ። እናቴ ግን በየመድኃኔዓለሙ አንድ ሻማ ለብቻ ታበራለች። ለማን እንደሆነ ሲጠይቋት «ቃሬዛ ለያዘ ሰው» ብቻ ትላለች።

ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ኬላ ምጥ መሆኑን ሲያይ አሳለፋቸው። እማሆይ ጽጌማርያም ቤት ሲደርሱ ፈድሉ በር ላይ ወደቀ። እማሆይ እግሩን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«የምጥ ቤት ወንድ አይገባም» አሉ። «ይሄ ግን ወንድ አይደለም፤ እንዲህ የሚጋልብ ሕፃን ነው። ከጓዳ አስገቡት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተወለድሁ። ፈድሉ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ የመጀመሪያ ጩኸቴን ሰምቷል፤ ዘጠኝ ቀን እዚያው ተኛ። ወጌሻ መጥራት ራስን ማጋለጥ ስለነበር አጥንቱ እንደተጣመመ ገጠመ። በኋላ ጅግሶ ቡሌ ወዳሉት ዘመዶቹ አሻገረው፤ ጣሊያን እስኪወጣ እዚያ ቆየ። ክርስትና የተነሣሁ ዕለት ሀዲጃ አንድ ቅል የቡሌ ቅቤ ይዛ መጣች። እናቴ ተቀብላ አሸተተችውና «በሉ መደርደሪያው ላይ ስቀሉልኝ፤ ሞተር የማይደርስበት» አለች።

ዛሬ ሞተር የበዛበት ጊዜ ነው። ባለፈው አንድ ጎረምሳ ሊያስጠግን መጥቶ ከትራፊክ ፖሊስ እንዴት እንዳመለጠ ይተርክ ነበር፤ ከዲላ ይርጋጨፌ ድረስ!

ጋሽ ፈድሉ ካንዴላውን እየጠረገ «መንገድ ላይ ስንት ሰው አየህ?» አለው።

«ኧረ ጋሼ፣ በዚያ ፍጥነት ማን ሰው ያያል!»

«እኔም አላየሁም ነበር» አለና ሱሪውን ከፍ አድርጎ እግሩን አሳየው። ልጁ ሲሄድ በቀስታ ነበር። ነገ ይረሳው እንደሆን አላውቅም። አንድ ቀን በቀስታ መሄዱም ጸጋ ነው።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ፈድሉ ታመመ። ሀዲጃ ዘንድ ገጠር ሄዶ ሳለ ወባ ጣለው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና አልገባ አለ። ሰብሰብ ብለን ቃሬዛ አበጀንና እኔ የኋላውን ቀኝ ያዝሁ። የሚያልፈው ሁሉ፣ የምናውቀውም የማናውቀውም፣ ትከሻውን እየሰጠን ወጣን። እኔ ግን ተራ ሲጠይቁኝ እንቢ አልሁ። አቀበቱ መሐል ላይ ደከመኝ፤ እግሬ ጭቃውን መጥረግ ጀመረ።

ተኝቷል ብዬ ነበር። ከብርድ ልብሱ ውስጥ ድምፁ መጣ፦

«አንተ የየሺሃረግ ልጅ፣ ቀኝ እግርህን አትጎትት።»

አነሣሁት። ሐኪም ቤት ደረስን፤ በሳምንቱ ድኖ በራሱ እግር እየጠረገ ወጣ። ተመስገን።