በባዶ ከረጢት ሳስተምር

ስንዴና በቆሎ አምራች ገበሬዎችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ጥር ላይ አንድ ቀን ከየወረዳው የመጡ ሃያ ያህል ገበሬዎችን ስድስት ኪሎ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ ሰብስበን፣ እህልን ከነቀዝ ስለመጠበቅ አስተምር ነበር። ዘዴው አየር የማያስገባ ከረጢት ነው፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ውስጡ ያለው ነቀዝ ታፍኖ ይሞታል። እንደ ልማዴ ባዶ ከረጢት አንስቼ አፉን ጠመዘዝኩ፣ አጠፍኩ፣ አሰርኩ። አጨበጨቡልኝ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጄ፣ አምና እኛ ወረዳ መጥተሽ ይህንኑ አሳይተሽናል። እንዳልሽው አደረግሁ። ለዘር ያስቀመጥኩትን ስንዴ ስከፍተው ግን ነቀዝ ወንፊት አድርጎታል።»

ፊቴ ጋለ። ከረጢቱ ተቀዶ ይሆናል ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«እንዴት እንዳሰሩት ያሳዩኝ፣ እናቴ» አልኳቸው።

ከረጢቱን ስሰጣቸው መለሱልኝ። «በባዶማ እኔም አውቅበታለሁ። የሞላ አምጪልኝ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለታችን ወደ አፍንጮ በር ወርደን አንድ ወፍጮ ቤት ገባን። ባለወፍጮው ጉዳያችንን ሰምቶ ሳቀ።

«ገበሬ አዲስ አበባ መጥቶ እህል ሲዋስ ገና ዛሬ አየሁ» አለ። ቢሆንም አንድ ኩንታል ስንዴ በራሱ መኪና አዳራሹ ድረስ አደረሰልን።

እናትየዋ ከረጢቱን ጢም አድርገው ሞሉት። ሊያስሩት ሲሉ የሚጠመዘዝ አንገት አልተረፈም፤ ገመዱ ላላ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ባዶ ከረጢት ሁለመናው አንገት ነው፤ ከላይ ምን ያህል መተው እንዳለበት ተናግሬ አላውቅም።

ይህንኑ በሁሉም ፊት ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

«እኔም እኮ ስስታም ሆኜ ነው» አሉ ፈገግ ብለው። «ትንሽም ቦታ እንዳይባክን ብዬ።»

ጥቂት ቀንሰው ደግመው አሰሩት፤ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ከሰዓት በኋላ የማሠልጠኛ ስላይዱን ዘግተን ሁሉም በየተራ ሞልተው አሰሩ። ባለወፍጮውም ሥራውን ትቶ አንድ ጊዜ ሞከረ።

ሰኔ ላይ ፒያሳ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። እናትየዋ ነበሩ።

«ቤቴ ሄጄ ያሰርኩትን የዘር ስንዴ ከፈትኩት ልጄ። አንዲት የተበሳች ፍሬ የለችም፤ ሰሞኑን እዘራዋለሁ።»

ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

«እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቶቼን ላስተምራቸው ነው» ሲሉ ቀጠሉ። «የጠፋኝ ነገር ካለ እደውልልሻለሁ።»