አባቴን በነጋዴው ገጽ ላይ ያወጣሁት በቂም ነው

ቦንጋ ውስጥ አንድ ማር ነጋዴ አለ። ፊት ለፊት ሳገኘው «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ነው፤ አንቱታዬን ለአባቴ አስቀምጬዋለሁ። ይህን የምጽፈው ለመታረቅ ፈልጌ አይደለም። ያደረግኩትን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፣ ደስታዬን ለብቻዬ ይዤ መኖር ደግሞ ሰልችቶኛል።

አባቴ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎ ይሰቅላሉ። በእኛ አገር ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው፣ ዛፉም ባለቤት አለው፤ ማንም ተነስቶ በሰው ዛፍ ላይ ቀፎውን አያስቀምጥም። አባቴ ከአያቴ የወረሷቸው ዛፎች አሏቸው። ገመዳቸውን ይዘው፣ ከታች ለሚያያቸው ሰው ሆዱ እስኪባባ ድረስ ይወጣሉ። ማራቸው ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ እኔ ልጃቸው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም ይህን የምለው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት ባልዲ ማር ይዘን ከአባቴ ጋር ወደ ነጋዴው መጋዘን ሄድን። ሰልፉ እስከ መንገዱ ድረስ ነበር። ተራችን ሲደርስ ክዳኑን ከፈተ፣ በእንጨት ነካ አድርጎ ምላሱ ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ አባቴን ሳይሆን ከኋላችን የቆመውን ሰው እያየ ጮክ ብሎ፦

«ይሄ ስኳር አለበት። ቀጣይ።»

አባቴ አማርኛን የለመዱት በገበያ ነው። ለዋጋ ይበቃቸዋል፣ ለክብር ሙግት ግን አይበቃቸውም። «የለም፣ የለም» ብቻ እያሉ ቆሙ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ባልዲዎቻችንን አንስተን ወደ ማንኪራ ተመለስን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ «ስኳሩ» ተባሉ። በገበያ «ስኳሩ መጣ»፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር «ስኳሩ አጠገብ ተቀመጥ» ይባል ነበር። ወደ ቦንጋ ገበያ መሄዳቸውን ተዉት። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፣ ያለው የማሩ ስም ነው፣ እሱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ሄደ።

በሚቀጥለው ዓመት ማራቸውን ለጎረቤታችን ሰጡት፣ እሱ የራሴ ነው ብሎ እንዲሸጥላቸው። ጎረቤታችን የወሰደው እዚያው መጋዘን ነበር። ነጋዴው ቀምሶ «ማር ማለት ይሄ ነው» ብሎ እንደተቀበለው ሲመለስ እየሳቀ ነገረን። አባቴም አብረውት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። በየዓመቱ እንደዚያው ሆነ፣ ማሩ በጎረቤት ስም እየገባ ተመሰገነ፣ አባቴ በራሳቸው ስም ስኳሩ እንደሆኑ ቀሩ። ነገሩን አንድም ቀን ስላላነሱት ረስተውታል ብዬ አምን ነበር። ቂሙን የያዝኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ኮምፒውተር ተምሬ ቦንጋ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ለሥራ ፈላጊዎች ሲቪ አዘጋጃለሁ። ድረ ገጽ መሥራትን ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ለመድኩ፣ ለአንድ ሆቴልና ለአንድ የእንግዳ ማረፊያም ሠራሁ። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ራሱ በሬ ላይ ቆመ።

ማር ወደ ውጭ የሚልኩ ሰዎች መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ እንደሚፈልጉ ሰምቷል፣ ዌብሳይት ያስፈልገዋል። ወንበር ሰጠሁት። በዚህ ከተማ ሰው ከሰው ጋር ሥራ ከመጀመሩ በፊት «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እሱ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ኖሮ ይተርፍ ነበር።

የሚፈልገውን ሲነግረኝ ወረቀቴ ሞላ። መጀመሪያ የእሱ ፎቶ ይሁን፣ በከረቫት፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ። ከዚያ የመጋዘኑ ሕንጻ። ከዚያ እየተንሸራተቱ የሚቀያየሩ ሰባት ፎቶዎች። ከላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይሩጥ። ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች፣ የምስክር ወረቀቶቹ በሙሉ፤ ቢቻል ሙዚቃም። «ሰው ሲከፍተው መጀመሪያ እኔን ይየኝ» አለኝ።

እሺ ጋሼ አልኩት። የመጀመሪያ ሐሳቤ ያዘዘውን ሁሉ ሳላጓድል መሥራት ነበር። በዚህ በእኛ ኔትወርክ ያ ሁሉ ነገር ተጭኖ እስኪከፈት የሚጠብቅ ገዢ የለም፣ ድርጅቱ ኢንተርኔት ላይ ኖረም አልኖረም እኩል ይሆን ነበር። ግን ሁለት ቀን ሳስብበት በቀሉ አነሰብኝ። ሰው የማይገባበትን ገጽ ማን ያየዋል? እሱ ራሱም አያውቀውም። እኔ የፈለግኩት በሰው ፊት እንዲሆን ነው። አባቴን ያዋረደው በሰው ፊት ነዋ።

ከዚያ ሥራዬ የሚለውን አስታወስኩ። የአንድ ድርጅት የመጀመሪያ ገጽ ቢሮ አይደለም፣ የሱቅ በር ነው። አላፊው አንዴ ዞር ብሎ ያያል፣ ካልገባው ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፎቶ፣ ከሥሩ ምን እንደሚሸጥና ከየት እንደሚመጣ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሲነኩት የሚደውል አንድ ስልክ ቁጥር። ሌላው ሁሉ ከበሩ ወዲያ ይቆይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው መጥቶ የሚጠይቀው መጀመሪያ ያየውን ነው። ከረቫት ያየ ስለ ከረቫት ይጠይቃል። ቀፎ የሚሰቅል ሰው ያየ ያንን ሰው አሳዩኝ ይላል። በሕይወቴ ሙያዬና ቂሜ የተስማሙት ያን ጊዜ ነው።

ቅዳሜ ማንኪራ ሄድኩ። አባቴ ቀፎ ሊሰቅሉ ሲወጡ ተከትዬ ከሥር በስልኬ አነሳኋቸው። ለማስታወሻ ነው አልኳቸው፣ ዋሸኋቸው። የማይረባ ነገር ተናግሬ ስላሳቅኳቸው ከቅርንጫፉ መሃል ወደ ታች እያዩ ሲስቁ ነው ፎቶው የወጣው።

ሁለት ገጽ ሠርቼ ወደ መጋዘኑ ወሰድኩ፣ አንዱ እሱ ያዘዘው፣ ሌላው የእኔ። ሹፌሩና ገንዘብ ተቀባይዋ በየተራ ይዩ አልኩ፤ እስከ አምስት ቆጥሬ ስልኩን እቀበላቸዋለሁ፣ ያዩትን ይንገሩን። የእሱን ስከፍት ገጹ እስኪመጣ የምትታየዋ ክብ ትዞራለች፣ አምስት ስደርስም ትዞራለች። ሹፌሩ እንዳያስቀይመው ፈርቶ «ጥሩ ነው፣ ግን ገና አልመጣም» አለ። የእኔን ሳሳይ ገንዘብ ተቀባይዋ ወዲያው «አንድ ሽማግሌ ዛፍ ላይ ሆነው እያዩኝ ይስቃሉ፣ ማር ነው የሚሸጠው፣ ከማንኪራ ነው» አለች።

ነጋዴው ስልኩን ወስዶ የአባቴን ፊት ረጅም ጊዜ አየ። አሁን ያውቃቸዋል፣ አሁን ያባርረኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ከየት አወረድሽው? እውነተኛ ገበሬ ይመስላል» አለኝ።

ያኔ ስኳር አለበት ያለን ቀን ዓይኑን ወደ አባቴ ፊት አላነሳም ነበር፤ ያላየውን ፊት እንዴት ያውቀዋል? ፎቶው ከዚሁ ከአካባቢያችን ነው አልኩት፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ከሥሩ የጻፍኩትንም አነበበ፦ «ማራችን ከማንኪራ ጫካ፣ ከእኚህ ሰው ቀፎ ነው።» ወደደው። ራዕዩንና ተልዕኮውን ማንም ወደማይሄድበት ሌላ ገጽ ወሰድኩለት፤ የከረቫቱ ፎቶም እዚያው ይሁን ብለን ተስማማን።

ወራት አለፉ። ስልክ መደወል ጀመረ፣ ናሙና የሚጠይቁ መጡ፣ እሱም ደስ ብሎት ሌላ ደንበኛ ላከልኝ። አንድ ጠዋት ድምፁን አለስልሶ ደወለልኝ። ማር ወደ ውጭ የሚልኩ ሁለት ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰውዬ ሳናይ አንዋዋልም ብለዋል። «ማን ናቸው?» አለኝ። ቤታቸውን አውቃለሁ፣ እኔ እመራችኋለሁ አልኩት።

መኪናው እስከሚሄድበት ሄደን ከዚያ በእግር ቀጠልን። ዘንቦ ነበር፣ ነጋዴው ሹል ጫማ አድርጎ ነው የመጣው፤ በየጭቃው ሲንሸራተት ወደ ኋላ እየዞርኩ አይቼዋለሁ፣ አላፍርበትም። ለእንግዶቹ ስለ ፎቶው ሰውዬ ያወራል። የብዙ ዓመት ደንበኛዬ ናቸው፣ እንደ አባቴ ናቸው፣ ማራቸውን ያለ እኔ ለማንም አይሰጡም ይላል። እኔ ከፊት ከፊት ከንፈሬን ነክሼ እሄዳለሁ።

አባቴ ደጃፋቸው ላይ ለአዲስ ቀፎ ቀርቀሃ ይሰነጥቁ ነበር። እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ከሰውዬው ጋር እያስተያዩ ደስ አላቸው፣ ለእሳቸውም አሳዩአቸው። አባቴ የራሳቸውን ፊት አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ነጋዴውን። ወዲያው አወቁት። ጎረቤቱ እንግዳ አይቶ ተሰብስቧል፣ ማሩን በስሙ የሚሸጠው ጎረቤታችንም አለ። ነጋዴው እጁን ዘርግቶ «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ» አለ። አባቴ እጁን ያዙት፣ አልለቀቁትም።

ከእንግዶቹ አንደኛው በትሕትና ማርዎን ለመግዛት ነው የመጣነው አላቸው። ነጋዴውም ቀበል አድርጎ በዞኑ ውስጥ የእሳቸውን የሚያህል የለም አለ።

አባቴ በዚያች በገበያ አማርኛቸው፣ አንቱታ በማታውቀው፣ ቀስ ብለው፦

«የኔ ማር ስኳር አለበት።»

እንግዶቹ ግራ ተጋቡ። ነጋዴው ሳቅ አለ፣ ጋሼ መቀለድ ይወዳሉ አለ። አባቴ አልሳቁም።

«አንተ ነህ ያልከው። መጋዘንህ ውስጥ። ይህቺ ልጄ ቆማ ነበር።»

ነጋዴው ዞር ብሎ አየኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ አወቀ። ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም፤ ያን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄው ነበር።

አባቴ እጁን ለቀው ወደ ውስጥ ገቡ፣ የማር ባልዲና ማንኪያ ይዘው ወጡ። ማንኪያውን ለነጋዴው ሰጡት። ቅመስና ንገራቸው አሉት። ስኳር አለበት ካለ እንግዶቹ ይሄዳሉ፣ ገጹ ላይ የተጻፈውም ውሸት ይሆናል። የለበትም ካለ ደግሞ ያኔ ዋሽቷል። ቀመሰ፣ ዋጠ፣ መሬት መሬት እያየ «ንጹህ ነው» አለ። ከጎኑ ለቆመ ሰው እንኳን በቅጡ አይሰማም ነበር።

«ጮክ በል» አሉት አባቴ። «ያኔ ጮክ ብለህ ነበር።»

ረስተውታል ብዬ ስኖር የነበረው ለካ ስህተት ነው። ያ ሁሉ ዓመት ከእኔ የባሰ ይዘውት ኖረዋል፣ የድምፁን ልክ እንኳን አልረሱም። ነጋዴው እንደገና፣ ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ፣ ንጹህ ማር ነው፣ ስኳር የለበትም፣ ያኔም አልነበረበትም አለ። ማንም አልሳቀም። ጎረቤታችን ራሱን ነቀነቀና እሱም በተራው፣ በየዓመቱ በእኔ ስም የገባውም ይሄው ነው ብሎ ተናገረ።

እንግዶቹ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ፣ ከእሳቸውና ከጎረቤቶቻቸው በቀጥታ ሊገዙ ተስማሙ። ነጋዴው ወደ መኪናው ሄዶ ጠበቃቸው።

በማግስቱ ደወለልኝ። ያንን ፎቶ አንሽልኝ፣ መጀመሪያ እንዳልኩሽ አድርጊው አለ። ገጹ በደንብ እየሠራ ነው፣ ገዢ ያመጣልዎት ፎቶው ነው ብዬ ልከራከረው እችል ነበር። አልተከራከርኩም። ከረቫቱን ከላይ አስቀመጥኩለት፣ ሰባቱን ፎቶ አንሸራተትኩለት፣ ጽሑፉን አስሮጥኩለት፣ ራዕዩን፣ ተልዕኮውን፣ ምስክር ወረቀቶቹን፣ ሙዚቃውን ሳይቀር። ካዘዘኝ አንዲት ነገር አላጎደልኩም። በዚያው ቀን ለአባቴ የራሳቸውን ገጽ ሠራሁ፤ ያው ፎቶ፣ ከሥሩ «ማሬ ከማንኪራ ጫካ፣ ከራሴ ቀፎ ነው» የሚል፣ ከዚያ የእኔ ስልክ ቁጥር።

አሁን አባቴ ወደ ቦንጋ ገበያ ይመጣሉ። ማንም ስኳሩ አይላቸውም። ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊት እኔ ዘንድ ይገባሉ፣ ወንበር ይስባሉ፣ በቋንቋችን «እስቲ የዚያን ሰውዬ ክፈቺልኝ» ይሉኛል። እከፍትላቸዋለሁ። ክቧ ትዞራለች። አምስት ቆጥሬ ልዘጋው ስል እጄን ይይዙኛል።

«ተዪው» ይላሉ። «ይዙር።»