የአባ ገብረ አማኑኤል ክትር

በዋግ አገር፣ ከሰቆጣ ተነስተው ወደ ዝቋላ ወረዳ አቅጣጫ ግማሽ ቀን ሲጓዙ፣ ከአንድ ገደል ሥር ጨው ጨው የሚል ምንጭ ይገኛል። ሰው አይጠጣውም፤ ከብት ግን ሽታው ሲደርሰው ጭራውን ሰቅሎ ይሮጥለታል። ውሃው ወንዝ ሳይደርስ ሜዳ ላይ ተንጣልሎ ይቀራል። በዚያ ረግረግ ላይ የሚበቅለው ሳር ጠንካራና ጨዋማ ነው፤ በበጋ፣ ሌላው ሁሉ ሲነጣ፣ የአርባ ሦስት አባወራ በሬ የሚያድረው በእሱ ነው። ስሙም ጨፌው ነው፣ አለቀ። ሌላ ጨፌ ስለሌላቸው መለያ ስም አላስፈለገውም።

አባ ገብረ አማኑኤል የጨፌው ዳኛ ናቸው። ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ከብት ዝር አይልበትም። ጽዮን በዋለች ማግስት፣ ኅዳር ሃያ ሁለት፣ ጥሩንባ ይነፋና ከአንድ ቤት አንድ ማጭድ ይገባል፤ ሁለት ማጭድ ይዞ የተገኘ ሁለቱንም ይቀማል። ለየቤቱ የሚያጭድበትን ቦታ የሚያሳዩት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ሲቆዩ አዳላ ያላቸው ሰው አልተሰማም።

ከዳኝነታቸው ይልቅ የሚታወቁት ግን በድንጋይ ነው። በዚያ አገር ካለው እርከን ግማሹ የእጃቸው ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባለቤታቸው እማማ ለተሥላሴ፣ "እኔንም የወደደኝ ድንጋይ ሳቀብለው ነው፤ መልኬንማ ገና አላየውም" እያሉ ይስቁባቸዋል።

ዋግ ላይ ጎርፍ ማገድ እንደ ጸሎት ነው። አፈሩ ስስ ነው፣ ተራራው ቁልቁል ነው፤ ጎርፍ የወሰደውን እርሻ ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ ልጅ እግሩ ሲጠና የሚማረው ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደር ነው። የአባ ገብረ አማኑኤልም ስህተት ከዚሁ የመጣ ነው።

ድሮ በየክረምቱ ከላይ ካለው ሸለቆ ጎርፍ ይወርድና ጨፌውን ቀይ ደለል ያለብሰዋል። ሳሩ ይቆሽሻል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጭቃ ይመስላል። ከስምንት ዓመት በፊት አባ ገብረ አማኑኤል፣ "እርሻችንን ከጎርፍ አዳንን፤ ጨፌውንስ ለምን እንተወዋለን?" ብለው ሰዉን አስነሱ። የሸለቆውን አፍ በድንጋይ ክትር ዘጉ፤ ጎርፉንም በቦይ ወደ ወንዝ ሰደዱት። በዚያ ዓመት ሳሩ ንጹሕ ሆኖ ጉልበት ደረሰ። ተመረቁ፣ ተሞገሱ።

በሦስተኛው ዓመት መሬቱ ላይ ነጫጭ ነጥብ ታየ። ውርጭ ነው ተባለ። በአራተኛው ነጥቡ ሰፋ፣ ድርቁ ነው ተባለ። በስድስተኛው የጨፌው ግማሽ ነጥቶ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀን አባ ገብረ አማኑኤል ብቻቸውን ወርደው ነጩን በጣታቸው ነክተው ቀመሱት። ጨው ነበር። ምንጩ በየቀኑ ጨው ያወጣል፤ የሚያጥበው ጎርፍ የለም። ነገሩ ገባቸው፣ ግን ለማንም አልተናገሩም።

አምና በነሐሴ፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዶፍ ወረደ። ክትሩ መሐሉን ተነክሶ እንደ ተጣለ ዳቦ ሆነ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ሲወርድ ጨፌው የለም፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጭቃ ነው።

ጎረቤታቸው ካሤ፣ ምላሱ ከማጭዱ የሰላ ሰው ነው፣ አካፋውን ተክሎ፣ "እንግዲህ ለቅሶውን ለሴቶች እንተወውና ሳይደርቅ እንጥረገው። ከዚያ ክትሩን እንመልስ" አለ።

"ማንም እንዳይነካው!" አሉ አባ ገብረ አማኑኤል፣ ጭቃው ውስጥ እንደቆሙ።

"ምነው አባ? ሊዘሩበት ነው?"

"ጨፌውን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ካሤ። ጎርፉ ጨዉን ያጥብልን ነበር፣ አፈር ያለብስልን ነበር። መንገዱን ዘጋሁበት። ከሁለት ዓመት በፊት ነው ያወቅሁት።"

ካሤ፣ "ሁለት ዓመት! በሬያችን ገለባ እያኘከ እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?" አለ።

"አፍር ነበር።"

እማማ ለተሥላሴ ከኋላ፣ "ለእኔም አልነገረኝ! ድንጋይ ስለው ቀልዴን መስሎት" አሉ። አንዳንዱ ሳቀ፤ እማማ ግን አልሳቁም።

የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ፍቅርአዲስ ተጠራች። እንጨት እየሰካች ጭቃውን ለካች። "ስንዝር በሆነበት ሳሩ ይበሳዋል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ በላይ በሆነበት አላውቅም። ቃል አልገባም" አለች።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ዛሬ ካልተጠረገ ጭቃው ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ሳሩ ካልወጣ በሬዎቹን በጋውን ሁሉ ወደ ተከዜ ቆላ ነድቶ ማክረም ነው፤ ከዚያ ስንቱ እንደሚመለስ እግዜር ያውቃል። ለበልግም ለክረምትም የሚያርስ አይኖርም።

"እስከ መስቀል ታገሡኝ" አሉ አባ ገብረ አማኑኤል። "ካልወጣ ዳኝነቱን ለሌላ ስጡ፤ ክትሩንም ብቻዬን እመልሳለሁ።"

"በዚህ ዕድሜዎ?" አለ ካሤ። "እሺ፣ እስከ መስቀል። ከዚያ በኋላ ግን አባም ልጅም የለም።"

ሁለት ሳምንት ምንም አልነበረም። ጭቃው ደርቆ እንደ ቅርፊት ተሰነጠቀ። አባ ገብረ አማኑኤል በየማለዳው ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። እማማ ለተሥላሴ በአገራቸው ቋንቋ በኽምጣንጋ አንድ ሁለት ቃል ይጠይቋቸዋል፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ዘመን በተለወጠ በስምንተኛው ቀን፣ በስንጥቁ ውስጥ መርፌ የሚያህል አረንጓዴ ታየ። አባ ገብረ አማኑኤል ለማንም ሳይነግሩ ሦስት ቀን ጠበቁ። በአራተኛው ካሤ ራሱ ሲሮጥ መጣና፣ "አባ፣ ወርደው አላዩም እንዴ? ጨፌው ጢም አብቅሏል!" አለ። ነጥቶ የነበረው መሬት ላይ እንኳ፣ እንደ ወትሮው ባይሆንም፣ ሳሩ ብቅ ብቅ ብሎ ነበር። ከታች ያለው አንድ ጥግ ብቻ፣ ጭቃው ጉልበት የደረሰበት፣ እንደ ሞተ ቀረ። ክትሩን እንመልስ ያለ ሰው ዳግም አልተሰማም።

ኅዳር ሃያ ሁለት ጥሩንባ ተነፋ። አባ ገብረ አማኑኤል ለአርባ ሁለት ቤት ቦታ አሳዩና ማጭዳቸውን ይዘው ወደ ሞተው ጥግ ወረዱ። እዚህም እዚያም የቀረ ዘለላ ሳር ነበር፤ ጎንበስ ብለው እየለቀሙ ያጭዱ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ቢለቅሙ የአንድ በሬ የሳምንት ቀለብ አይሞላም።

ካሤ ከላይ ሆኖ ሲያይ ቆየ። ከዚያ የራሱን ሁለት ነዶ ተሸክሞ ወረደና እግራቸው ሥር ጣለው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

"ጉቦ ነው። ለከርሞ ጥሩ ቦታ እንዲያሳዩኝ።"

"ጉቦ ከሆነ አልቀበልም። ውሰድ።"

"እርስዎን ማን አለ? ለበሬዎ ነው። እሱ ዳኛ አይደለም።"

አባ ገብረ አማኑኤል ቀና አሉ። ከዚያ ካጨዱት ሳር ጥቂት ገመዱና ሁለቱን ነዶ አንድ ላይ አሰሩት።

"እንግዲያው አሸክመኝ" አሉ።