ያልቆጠርኳት ጳጉሜ

አብነት ሰፈር ያለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ይፈርሳል የሚል የቀይ ቀለም ምልክት ከተደረገ በኋላ፣ እናቴ ምትክ ቤት ለማግኘት የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቤቱ በሟቹ አባቴ ስም መሆኑን የሚያሳየው ማህደር ቅጂ። ማህደሩ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። አቧራውን አራግፎ ኮፒ ማድረግ ስንት ሰዓት ይፈጃል? እኔን ግን ሦስት ወር አመላለሱኝና ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን «መረጃው አይሰጥም» የሚል ደብዳቤ አስፈርመው ሰጡኝ። ቅሬታ ያለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል ይላል።

ሠላሳ ቀን ለእኔ አንድ ወር ነው፤ እስከ መስከረም አሥራ አምስት። ጳጉሜን አልቆጠርኳትም። ማን ይቆጥራታል? ደመወዝ አይከፈልባትም፣ አከራይም ኪራይ አይጠይቅባትም።

ማመልከቻውን ወዲያው ጽፌ ነበር። እናቴ ግን ዓመት በዓሉ ይለፍ፣ የሰው ልብ ሲረጋ ይሻላል አለች። እሷ ጳጉሜን በየማለዳው ጠበል ስትመላለስ ሰነበተች። የሩፋኤል ዕለት ሲዘንብ ግቢያችን መሃል ቆማ ተጠመቀች፣ ለቤቱም ተሳለች። እኔ ማመልከቻውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ለበዓል ዶሮ ሳማርጥ ከረምኩ።

መስከረም አሥራ አራት፣ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ ኮራ ብዬ ሄድኩ። ሠራተኛዋ የጠረጴዛ ካላንደሯን በእስክሪብቶ ጫፍ ቆጠረች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረች።

«እህቴ፣ አራት ቀን አልፎሻል።»

«አንድ ቀን ይቀረኛል እኮ።»

«ጳጉሜስ?»

ማመልከቻዬን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። የእነሱ ሦስት ወር እንደ ቀን አልታየም፤ የእኔ አምስት ቀን ግን ተቆጠረ። ታክሲ መያዝ አቅቶኝ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ ሄድኩ። በእነሱ ተናደድኩ፣ በራሴ ደግሞ አፈርኩ። ቢሮው ጳጉሜን ቆጥሯታል፤ እናቴም በየጠበሉ ቀን በቀን ቆጥራታለች። ተማርኩ የምለው እኔ ብቻ ነኝ የዘለልኳት።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀብለውኛል» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ልጄ ይግባኝ ብላልኛለች እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ከሥራ ስመለስ መልስ መጣ ወይ ትለኛለች፤ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል እላታለሁ። ትናንት ለመጪው ሩፋኤል የዝናቡን ውሃ የምታጠራቅምበት አዲስ ባልዲ ገዝታ መጣች። ቆማ የምትጠመቅበት ግቢ እስከዚያ እንደማይቆይ አልነገርኳትም።