የጎደለው ጤፍ

ያለምወርቅ ከዲማ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችው ባሏ በሞቱ በዓመቱ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው። ባሏ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ከመሬት ይልቅ ፊደል ትተውላት ነው የሞቱት። ታነባለች፣ ቁጥርም ትለያለች። በገበያው አጠገብ የእህል መጋዘን የከፈቱት ሐጂ ሙሐመድአሚን ይህን ሰምተው ቀጠሯት። መጀመሪያ ከሴቶቹ እንደ አንዷ ጤፍ ስትነፋ ቆየች፤ በሦስተኛው ዓመት የአሥራ አራቱ ሴቶች አለቃ አደረጓትና የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጧት።

ሐጂ ዕድሜያቸውን በጨርቅ ንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ለእህል አዲስ ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ጤፉን ከገበሬ በቁና ተቀብለው፣ አስነፍተው፣ ሳይውል ሳያድር በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ይልኩት ነበር። በ1959 ግን የብረት ሚዛን ገዝተው አመጡ፤ ጤፉንም ዋጋ እስኪወጣ ማቆየት ፈለጉ። የዚያ ዓመት ኅዳር ያለ ወጉ ዝናብ የጣለበት ነበር። የገባው ጤፍ ተነፍቶ፣ በመቶ በመቶ ኪሎ ተመዝኖ፣ ጆንያው ተሰፍቶ ተደረደረ። በታኅሣሥ መጨረሻ መኪና መጥቶ ሲጫን ቢመዘን፣ አንዱ ጆንያ ሦስት፣ ሌላው አራት ኪሎ ጎድሎ ተገኘ።

ሐጂ አልተቆጡም። ያለምወርቅን ለብቻዋ ጠርተው ቁልፉ ከእሷ እጅ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ወጥቶ እንደማያውቅ ነገረቻቸው። እሳቸውም ዝም ብለው አዩዋት፤ ያ ዝምታ ከቁጣ ይልቅ አስፈራት። እኔን ጠርጥረዋል ብላ ወጣች፤ እሷን መጠርጠራቸውን እንዲተዉ ደግሞ የምትሰጣቸው ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ ሴቶቹ ሲወጡ ይፈተሹ ተባለ። ፈታሿ ያለምወርቅ ሆነች። ከቀትር በኋላ በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ መቀነታቸውን ታስፈታለች፣ ነጠላቸውን ታስራግፋለች። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። ሳምንት ሳይሞላ ሥራውን ለመደችው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ሌላ ሥራ ያዘ። የምትስቀዋን ምን አግኝታ ነው የምትስቀው ትላለች። ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ካየች አንዷን ከበሩ አጠገብ፣ ሌላዋን ከግድግዳው ሥር ታስቀምጣለች። ሴቶቹ የሚያመጡላትን ምሳ እንኳ ምን ፈልገው ነው ብላ መቅመስ ተወች።

ከሁሉም በላይ ዓይኗ ያረፈው በሥራነሽ ላይ ነበር። ሥራነሽ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ቀድማ ትመጣለች፣ መጨረሻ ትወጣለች። ድሮ ይህ ትጋቷ ያስመሰግናት ነበር፤ አሁን ግን ያለምወርቅ «ሰው በሌለበት መጋዘን ብቻዋን ምን ትሠራለች?» ብላ ታስባለች።

በጥር አጋማሽ፣ በገበያ ቀን፣ ሐጂ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሳሉ የሥራነሽ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ተገኘ። ያለምወርቅ ፈታችው። አፈርና ገለባ የተቀላቀለበት አንድ እፍኝ ጤፍ ነበር።

ይህ ጥራጊ ነው። ወለሉን የጠረገች ሴት ጥራጊውን ለዶሮዋ ትወስዳለች፤ መጋዘኑ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ያለምወርቅም ራሷ ስትነፋ በነበረ ጊዜ ወስዳለች። ሐጂ ግን ይህን ልማድ አያውቁም ነበር።

«ምንድን ነው ይህ?» አሉ።

«ጥራጊ ነው» አለች ሥራነሽ። «እትዬ ያለምወርቅ ያውቃሉ።»

ሁሉም ወደ ያለምወርቅ ዞሩ። አውቃለሁ ካለች፣ ሌላስ ምን እያወቅሽ ዝም ብለሻል መባሏ ነው። ያ የሐጂ ዝምታ ትዝ አላት።

«እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለች።

ሐጂ ሥራነሽን እዚያው ከሥራ አሰናበቷት። ነጠላዋን ተቀብላ ለበሰች። ስትወጣ ያለምወርቅ አጠገብ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «እኔን አይመኑኝ» አለቻት። «አንድ ጆንያ ከሁላችንም ደብቀው ይቆልፉበትና ይዩት።» ከዚያ ሄደች። ሌባ ተይዛ ወጣች የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ደረሰ።

ያለምወርቅ ያን ንግግር ልትረሳው አልቻለችም። መጀመሪያ ሥራነሽ ያለችውን ያደረገችው ውሸቷን ለማጋለጥ ብላ ነው። በዚያው ሳምንት ከደጋ የመጣ፣ ገና ከአውድማ የተነሣ ጤፍ ነበረ። ከእሱ አንዱን ጆንያ ልክ መቶ ኪሎ መዝና በራሷ እጅ ሰፋችው፣ ስፌቱንም በሰም አተመችው። ከባዶ ጆንያዎች ማስቀመጫ ክፍል ጎትታ አስገብታ የራሷን ቁልፍ ቆለፈችበት። ለሐጂም አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውንም መጠርጠር ጀምራ ነበርና። ሚዛኑንም አላመነችውም። ስለዚህ ከጓሮ አንድ ድንጋይ አምጥታ መዘነች፤ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሆነ። ሚዛኑ ቢዋሽ እንዲያጋልጥላት ድንጋዩን ከጆንያው አጠገብ አስቀመጠችው።

ሥራነሽ ከወጣች በኋላም በመጋዘኑ የተደረደረው ጆንያ መጉደሉን አላቆመም። በየካቲት የተጫነውም ጎደለ። ሐጂ ሌላ ሌባ ፈልጊ አሏት። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው መነጋገር ተዉ፤ አንዷ ሌላዋ ትጠቁመኛለች ብላ ትሰጋለች።

በመጋቢት አጋማሽ ያለምወርቅ ክፍሉን ከፈተች። ሰሙ እንደታተመ ነው። ጆንያውን ዙሪያውን ዳበሰችው፤ አይጥ የነካው ቦታ የለም። ጎትታ ሚዛኑ ላይ ስታወጣው ዘጠና ሰባት ኪሎ ሆነ። ድንጋዩን አወጣችው። ሠላሳ ሁለት።

ጆንያውን ፈትታ እጇን ጤፉ ውስጥ ከተተች። በጥር ስትሰፋው መዳፏ ላይ ይጣበቅ የነበረው ጤፍ አሁን በጣቶቿ መካከል እንደ ውሃ ፈሰሰ። ደርቋል። እርጥብ ተገዝቶ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሁለት ወር ሲከርም ውሃው ነው የሄደው። በቁና ሲሰፈር ማንም ያላየውን ሚዛኑ አሳየው እንጂ የሰረቀ አልነበረም።  መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ እንደገና ሰፍቶ ዝም ማለት ነበር።

ይሁን እንጂ ሐጂ ዘንድ ሄዳ ሁለቱንም ነገር ነገረቻቸው፤ ጤፉ መድረቁንም፣ ጥራጊውን እያወቀች መካዷንም። ሐጂ አላመኗትም። ከሴቶቹ ጋር ተማክራ እንደሆነ ጠረጠሩ። መጥተው የደረቀውን ጤፍ በጣታቸው መካከል አፈሰሱ፣ ድንጋዩን ራሳቸው መዘኑ፣ ከዚያ ወዲያ አመኑ። በኋላ ለሥራነሽ አንድ ቁና ጤፍ በስውር ይላክላትና ትመለስ አሉ።

«ሠራተኛ ፊት ተሳስቻለሁ ያለ ነጋዴን ነገ ማን ይፈራዋል?» አሉ ሐጂ።

«ሌባ ያልናት በር ላይ ነው፣ ሐጂ» አለች ያለምወርቅ። «ጓዳ ውስጥ ብንታረቅ ሰው የሚያውቀው የበሩን ነው።»

ሁለት ቀን አሰቡበት። በሚቀጥለው ገበያ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ ሴቶቹና ገበያተኛው እየሰሙ፣ ሥራነሽ አልሰረቀችም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አሉ። ያለምወርቅም ጥራጊውን አውቅ ነበር፣ ዋሽቻለሁ ብላ ተናገረች። ፍተሻው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ እህል ሲገባም ሲወጣም ለድርቀት የሚታሰብ ኪሎ ተወሰነ።

ማታውን ያለምወርቅ ሥራነሽ ቤት ሄደች። ሥራነሽ ለአንድ ጠላ ሻጭ ጌሾ እየወቀጠች መተዳደር ጀምራለች። አስቀመጠቻት፣ ሰማቻት፣ ይቅርታውንም ተቀበለች። መመለሱን ግን አልፈለገችም።

«ብመለስ ነጠላዬን ባነሣሁ ቁጥር ዓይንዎ ጫፉን ይፈልጋል» አለቻት።

ያለምወርቅ አይፈልግም ልትል አስባ ተወችው፤ ሌላ ውሸት ልትጨምር አልደፈረችም። አገሩ ሁሉ ሌባ መስሎ የታየው ዓይን በአንድ ቀን አዋጅ እንደማይጠራ ራሷ ታውቀዋለች።

በዓመቱ አለቅነቱን ለደብሪቱ፣ ከሴቶቹ በዕድሜ ለምትበልጠው፣ አስረክባ ወንፊት ይዛ ከመካከላቸው ተቀመጠች። ሐጂ ምክንያቱን ቢጠይቋት፣ «ዓይኔ ገና አልጠራም» አለቻቸው። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ ነገር ግን እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ እሷ ባለችበት ጮክ ብላ የምታወራ አልነበረችም። እየነፉ በጎን እጇን ያዩ ነበር።