ጆሮ ያልነካው የአክስቴ እጅ

ላንቴ በምትባል የሙዝ አገር ይኖሩ የነበሩት አክስቴ፣ ልጅ በደጃቸው ባለፈ ቁጥር «እስቲ እጅህን በአናትህ አሳልፈህ ጆሮህን ያዝ» ይሉ ነበር። የነካ ለትምህርት ደርሷል፤ ያልነካ ሙዝ ተሰጥቶት ይሸኛል። ትምህርት ቤቱም የሚመዘግበው በዚሁ ነበር።

በደርግ ጊዜ ታናሽ እህቴ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የልጆች እድገትና የቤተሰብ ጥናት ትማር ነበር። ለእረፍት ስትመጣ፣ አንዲት የጎረቤት ልጅ እጇ አልደረሰም ተብላ ለሁለተኛ ዓመት ከምዝገባ ተመልሳ አገኘቻት።

«አክስቴ፣ ክንድ አእምሮን አይለካም። እስቲ ያናግሯት» አለች።

«ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?» ብለው ልጅቷን ጠሩ። ልጅቷ የእነሱ ቤት ላም እንዴት እንደወለደች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላቸው። አክስቴ ነጠላቸውን አንስተው ትምህርት ቤት ይዘዋት ሄዱ።

«እጇ አልደረሰም እኮ፣ እማማ» አላቸው መምህሩ።

አክስቴ ትከሻቸውን ያማቸው ነበር፤ የራሳቸውን እጅ ሲያነሱ ጉንጫቸው ላይ ቀረ። «የእኔም አልደረሰም። ታዲያ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርከው ማንን ነው?»

መምህሩ እየሳቀ መዘገባት።

ከዚያ ወዲህ አክስቴ ልጅ ሲያዩ «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» ማለት ጀመሩ። ሙዙም ለተናገረ ሁሉ ሆነ። እስከ እርጅናቸው ድረስ አልተዉትም።

ከቀብራቸው በኋላ ባዶ ወንበራቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሕፃን በሩ ላይ ቆመች። «የምነግራቸው ነገር ነበረኝ» አለችኝ። እኔ ብዙ ወሬ አልወድም። ቢሆንም ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ አዳመጥኳት።

ስትጨርስ እጇን ዘረጋች። ሙዙን ረስቼው ነበር።